ኬላው የማን ነበር?

የዚህ መጽሔት አዘጋጆች ደውለው «የታሪክ ተማሪ ነህና አንድ የታሪክ ጽሑፍ ላክልን፤ ስለ ካፌው ዳቦና ስለ ዶርሙ ትኋን የሚጽፍ አላጣንም» ሲሉኝ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። አርባ ዓመት ሙሉ ሳልጨርሰው የኖርኩት አንድ ነገር አለ። የምጽፈው ስለ አንዲት የካሊፎርኒያ የወንዝ ዳር ከተማ ነው። ወደ ከተማዋ የሚወስደው መንገድ ግን ከስድስት ኪሎ ስለሚጀምር አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። የአሜሪካኑን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የራሴን በእኛው ነው የማወራው።

በ1977 ዓ.ም. ለመመረቂያ ያቀረብኩት ጽሑፍ ስለ ባሶ ገበያና ስለ ዓባይ መሻገሪያ ኬላዎች ነበር። የታሪክ ትምህርት ክፍል ልጆች እንደምታስታውሱት ያኔ «ሲኒየር ኤሴይ» ሳይጽፉ መመረቅ የለም። ባሶ፣ የጁቤ አጠገብ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ሲራራ ነጋዴው የእናርያን ገበያ ሰቃን ለቆ፣ ወርቁን፣ የዝሆን ጥርሱን፣ ዝባዱን፣ ቡናውን፣ ባሪያውንም ይዞ በጉዱሩ በኩል ይመጣና ዓባይን ተሻግሮ ባሶ ይገባል። ከዚያ ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ምጽዋ። በየመልካውና በየበሩ ኬላ አለ፤ በየኬላው ቀረጥ አለ።

አማካሪዬ የነበሩት መምህር (ነፍሳቸውን ይማር፣ ስማቸውን ብጠራ አይወዱትም ነበር) መጀመሪያ ያቀረብኩላቸው ርዕስ «የእናርያ ወርቅ» የሚል ነበር። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙትና «ወርቅ ወርቅ አትበል። ወርቅ ያወጣ ሰው ሲከብር አይተህ ታውቃለህ? የከበረው መሻገሪያውን የያዘው ነው። ኬላውን ፈልግ» አሉኝ። ፈለግሁ። በክረምቱ ዕረፍት ከአንድ ጓደኛዬ ቴፕ ሪከርደር ተውሼ የጁቤ ወረድኩ፤ ሽማግሌዎች አነጋገርኩ፤ ኬላው በማን ዘመን በማን እጅ እንደነበር፣ በጭነት ስንት አሞሌ እንደሚከፈል ጽፌ ተመለስኩ። «ኤ» አገኘሁ። በዚያ ጽሑፍ ብዙ ዘመን ኮርቻለሁ፤ ልጆቼም ሰልችቷቸው ያውቃሉ።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ። ሳን ሆዜ ከሚኖሩት የሐበሻ ልጆች አንዱ ነኝ። ጥቅምት 2009 ዓ.ም. ላይ እኛ «ሻኪሶ» የምንላት የግቢ ጓደኛችን ከሚኔሶታ ልትጠይቀኝ መጣች። ቅጽል ስሙ የወጣላት ከአራት ኪሎ በጂኦሎጂ ተመርቃ አዶላ የወርቅ ልማት ስለተመደበች ነው። በጎልደን ጌት ድልድይ ላይ ፎቶ ልናነሳት አስበን ነበር። «ተወኝ እባክህ፣ እሱን በፖስትካርድ አይቼዋለሁ። ወርቅ የታጠበበት ወንዝ ውሰደኝ» አለች። የወርቅ ጥድፊያ ከተሞች በካሊፎርኒያ ሞልተዋል። እኔ ግን ካርታው ላይ ጣቴ ያረፈው በስሟ ምክንያት ነው፦ ናይትስ ፌሪ፤ የናይት ማሻገሪያ። የኬላ ሰው የት ይሄዳል?

መንገዱ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ኮረብታውን ተሻግሮ ሸለቆው ውስጥ ሲገቡ የለውዝ ተክል በግራም በቀኝም መሥመር ሠርቶ ይታያል፤ ኦክዴል የምትባለውን የከብት አርቢዎች ከተማ አልፈው ወደ ምሥራቅ ጥቂት ሲነዱ መሬቱ መጉበጥ ይጀምራል፤ ሣሩ በጥቅምት የደረቀ ቢጫ ነው። ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፈው ቁልቁል ሲወርዱ ስታኒስላውስ ወንዝ ዳር አንዲት የመቶ ሰው ከተማ ትገኛለች። አንድ ዋና መንገድ፣ ከ1850ዎቹ ጀምሮ የቆየ ሱቅ፣ ከብረት የተሠራች ሚጢጢ እስር ቤት፣ የፈረሰ የድንጋይ ወፍጮ ቤት፣ ጣሪያና ግድግዳ ያለው ረጅም የእንጨት ድልድይ። በቃ። ሻኪሶ ከመኪና ወርዳ ዙሪያውን አየችና «ለዚህ ነው ሁለት ሰዓት የነዳኸኝ?» አለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጥር 1848 ጄምስ ማርሻል የተባለ አናጢ ኮሎማ ላይ፣ ለጆን ሳተር የእንጨት መሰንጠቂያ ሲሠራ፣ ውኃ መውረጃው ውስጥ ወርቅ አየ። ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሰው ካሊፎርኒያ ገባ። በመርከብ ሳን ፍራንሲስኮ የደረሰው ሰው በወንዝ ጀልባ ስቶክተን ይሄዳል፤ ከስቶክተን በጋሪና በበቅሎ ወደ ደቡቡ የወርቅ አገር፣ ወደ ሶኖራ ይወጣል። በመሐል ስታኒስላውስ አለ። እዚያ መልካ ላይ ዊሊያም ናይት የሚባል አዳኝና መንገድ መሪ የማሻገሪያ ጀልባ አቆመ። ናይት ለሥራው አዲስ አልነበረም፤ በሳክራሜንቶ ወንዝ ላይም እንዲሁ ያሻግር ነበር፤ ያም ቦታ እስከ ዛሬ በስሙ ናይትስ ላንዲንግ ይባላል።

በዚያ ዘመን በነዚህ ወንዞች ላይ የተለመደው ማሻገሪያ አሠራሩ ቀላል ነው። ወፍራም ገመድ ከዳር እስከ ዳር ይወጠራል፤ ጠፍጣፋ ጀልባ በሁለት ገመድ ከሱ ጋር ይታሰራል፤ የፊቱ ገመድ አጠር፣ የኋላው ረዘም ሲል ጀልባው ከውኃው አንጻር ጋደም ይላል፤ ያኔ የወንዙ ግፊት ራሱ ወደ ማዶ ይወስደዋል። ሲመለስ ገመዱን መገልበጥ ነው። ነዳጅ የለ፣ መቅዘፊያ የለ። ወንዙ መንገዱን ይዘጋል፣ ወንዙ ራሱ ያሻግራል፣ ባለጀልባው ይከፈለዋል።

የመምህሬ ቃል በትክክል የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ወርቅ አጣቢው አንድ ቀን ያገኛል፣ አሥር ቀን ያጣል። ማሻገሪያውን የያዘው ግን ተስፋ አድርጎ ከሚሄደውም፣ ባዶ እጁን ከሚመለሰውም ይቀበላል። ያገኘም ያላገኘም ይከፍላል። ስንቁም፣ አካፋውም፣ ፖስታውም፣ በቅሎውም በሱ በኩል ነው። የበረዶው ውኃ ከሴራ ኔቫዳ ተራሮች ቀልጦ ሲወርድ ደግሞ ወንዙ በእግር የማይሞከር ይሆንና ዋጋው ይጨምራል። በእኛ አገር ዓባይ የሚሞላው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ይኼኛው ግድብ ሳይሠራበት በፊት ይሞላ የነበረው በሚያዝያና በግንቦት፣ ጠራራ ፀሐይ እያለ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ወንዙ ሲቆጣ ማየት የዚያን ጊዜን መንገደኛ ምን ያህል ግራ አጋብቶት ይሆን!

ለናይት ግን አልሆነለትም። 1849 ሳይወጣ ስቶክተን ውስጥ በጥይት ተገደለ። ማሻገሪያውን የያዙት የዴንት ወንድማማቾች፣ ጆንና ሉዊስ፣ ናቸው። እህታቸው ጁሊያ ዴንት የዩሊሲስ ግራንት ሚስት ናት፤ ኋላ የሰሜኑ ጦር አዛዥ፣ ከዚያም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ግራንት። በ1850ዎቹ መጀመሪያ ተራ መኮንን ሳለ ወንድሞቿን ሊጠይቅ እዚህ መጥቶ ነበር። ይኼ እውነት ነው። እውነት ያልሆነው ከዚህ ተነስቶ የተፈተለው ተረት ነው፦ ድልድዩን የነደፈው ግራንት ነው የሚለው። አሁን የቆመው ድልድይ ሲሠራ ግራንት ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ቪክስበርግን ከብቦ መድፍ ያስተኩስ ነበር። ትልቅ ሰው አንድ ሌሊት ያደረበት መንደር ሁሉ እንዲህ ያለ ተረት አያጣም። እኛስ አገር አፄ ቴዎድሮስ ያልተቀመጡበት ድንጋይ አለ?

ስለ ድልድዩ ትንሽ ልበል፤ የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ልጆች ይህን ገጽ ዘለው እንዳያልፉ። ጀልባውን የተካው የመጀመሪያው ድልድይ በ1857 ተሠርቶ አምስት ዓመት ብቻ ኖረ። በ1861 መጨረሻና በ1862 መጀመሪያ ካሊፎርኒያ እስከ ዛሬ የምትተርከው ጎርፍ መጣ። ዋና ከተማው ሳክራሜንቶ በውኃ ተውጦ አዲሱ ገዥ ሌላንድ ስታንፎርድ በዓለ ሹመቱ ላይ የሄደው በጀልባ ነው። ስታኒስላውስ ላይ ደግሞ ጎርፉ ከላይ ያለውን ሌላ ድልድይ ነቅሎ አመጣውና ከናይትስ ፌሪው ጋር አጋጨው፤ ሁለቱም ተያይዘው ሄዱ። ስለዚህ አዲሱን ከፍ አድርገው ሠሩት። ርዝመቱ 330 ጫማ፣ ወደ መቶ ሜትር ነው። አሠራሩ ዊሊያም ሃው በ1840 የፈጠራ መብት ያወጣበት ዓይነት ነው፤ አግድመው የሚሄዱት ደጋፊዎች እንጨት፣ ቀጥ ብለው የሚወርዱት የብረት ዘንግ ናቸው። እንጨቱ ሲደርቅና ሲኮማተር ብሎኑን ማጥበቅ ብቻ ነው። ጣሪያና ግድግዳው ለውበት አይደለም፤ እንጨቱን ከዝናብ ለመጠበቅ ነው። በ2012 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሏል፤ እኛ በሄድንበት ጊዜ በእግር ይታለፍ ነበር። ውስጡ ጨለም ያለ፣ የአሮጌ ጎተራ ሽታ ያለው፣ በጣውላው ስንጥቅ ወንዙ የሚታይበት ነው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ድልድዩም ሲሠራ በነጻ አልነበረም። ኬላው ከጀልባ ወደ ድልድይ ተዛወረ እንጂ አልተነሳም።

ናይትስ ፌሪ ከ1862 እስከ 1872 የአውራጃው ዋና ከተማ ነበረች። ከዚያ ባቡሩ በሞዴስቶ በኩል አለፈ፤ ዋና ከተማነቱም ወደዚያው ሄደ። የከተማዋ ዕድሜ ያ ነው። ድሬዳዋን ያየ ሰው ባቡር ምን እንደሚያቋቁም ያውቃል፤ ባቡር ዘሎት የሄደውን ከተማ ደግሞ ሐረርን ጠይቁ።

ሻኪሶ ይኼን ሁሉ ስተርክላት ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር። «አንተ፣ ያን ጠፍጣፋ ተራራ ታየዋለህ? ወንዝ እኮ ነበር» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን እውነት ነው። የዛሬ 10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሴራ ኔቫዳ የፈሰሰ የቀለጠ ድንጋይ በጥንቱ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ገብቶ ሞላውና ደረቀ። ከዚያ በግራና በቀኝ የነበረው ለስላሳ አፈር ዘመን በዘመን ታጥቦ ሲሄድ ጠንካራው የሸለቆው ሙሌት ብቻውን ቆሞ ቀረ። ዛሬ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚሄደው ቴብል ማውንቴን የዱሮው ወንዝ ቅርጽ ነው፤ ሸለቆው ተራራ ሆነ። ወርቅ ፈላጊዎቹም ይኼን ደርሰውበት ከደረቀው ድንጋይ በታች ዋሻ ቆፍረው የጥንቱን ወንዝ ጠጠር አውጥተው አጥበዋል። «ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ይከብዳል» አለች፤ ዝቅ ብላ ከወንዙ ዳር እፍኝ አሸዋ እየዘገነች። «ውኃው ሲደክመው ጥሎት ይሄዳል። ከቋጥኝ ጀርባ፣ ከመታጠፊያው ውስጠኛ ዳር። አዶላ ያሉት ሴቶች ይኼን ከእኔ በፊት ያውቁ ነበር። እኔ ካርታ ይዤ እሄዳለሁ፣ እነሱ ገበቴ ይዘው እዚያው ቁጭ ብለዋል።» አሸዋውን መልሳ ወንዙ ውስጥ በተነችው።

ቀትር ላይ ቅጠሉ ቢጫ የሆነ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ከቤት የያዝነውን ፍርፍር ስንበላ ማስታወሻ ደብተሬን አንስታ ማገላበጥ ጀመረች። ያሰፈርኩትን ስም ጮክ ብላ አነበበች። «ናይት። ዴንት። ዴንት። ግራንት። ሃው።» ከዚያ ቀና ብላ «ወንዙስ?» አለች።

«ወንዙስ ምን?»

«ስታኒስላውስ ማነው? እሱም ጀልባ ነበረው?»

የፖላንድ ቅዱስ ነው መሰለኝ አልኳት። ሳቀች። «የፖላንድ ቅዱስ እዚህ ምን ይሠራል? እናንተ የታሪክ ሰዎች ወንዙን ስትሻገሩ ወንዙን አታዩትም ማለት ነው።» እኔ በኬላ ጉዳይ ራሴን እንደ ሊቅ የምቆጥር ሰው፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ የሰው ስም ስለቅም ከፊቴ የሚፈሰውን ስም አልጠየቅኩም።

ቤቴ ተመልሼ አንድ ወር አነበብኩ። የወንዙ ስም በእርግጥ የቅዱስ ስም ነው፤ የተሰየመው ግን በዚያ ስም በተጠመቀ ሰው ነው፤ ኤስታኒስላኦ። የዮኩትስ ሕዝብ ወገን፣ የዚሁ ወንዝ ዳር ሰው፣ ላኪሳምኔ ከሚባሉት ነው። የስፔን ካቶሊክ ካህናት ባቋቋሙት የሳን ሆዜ ሚሽን ገብቶ ክርስትና ተነሳ፤ ከብት ጠባቂ፣ ኋላም በሚሽኑ ላሉት ሕዝቦቹ አለቃ ሆነ። በ1828 ግን እሱና ብዙ ሰዎች ወደ አገራቸው ሄደው አንመለስም አሉ። ካሊፎርኒያ ያኔ የሜክሲኮ ናት። ወታደር ተላከ፤ ተመታ ተመለሰ። በ1829 ማሪያኖ ቫዬሆ የሚባል ወጣት መኮንን መድፍ ይዞ መጣ። የኤስታኒስላኦ ሰዎች ከናይትስ ፌሪ በታች፣ ወንዙ ዳር ባለው ጥቅጥቅ ጫካ ውስጥ ምሽግ ቆፍረው ጠበቁት። ቫዬሆ ጫካውን በእሳት አነደደው። ምርኮኞች ተገደሉ። ኤስታኒስላኦ ግን አመለጠና ወደ ሚሽኑ ተመልሶ የካህኑን ምልጃ ጠየቀ፤ ምሕረት ተሰጠው። በ1838 ሞተ።

ሚሽን ሳን ሆዜ ከቤቴ የግማሽ ሰዓት መንገድ አይሞላም። ለስንቱ ሠርግና ለቅሶ ስሄድ በበሩ አልፌያለሁ መሰላችሁ!

ሰዎቹስ ምን ሆኑ? በ1833 ፀጉር አዳኞች ከሰሜን ይዘውት የወረዱት ወባ የሸለቆውን ሕዝብ ጨረሰው፤ ወባ ደግሞ ቆላ የወረደ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው ነው፣ ማብራሪያ አልጨምርበትም። ጀልባው ሲቆም የወንዙ ዳር ባዶ አልነበረም፤ የተረፉት ዮኩትሶችና ከእነሱ በላይ ኮረብታው ላይ የሚኖሩት ሚዎኮች ነበሩ። አዳኞቹ የሚሄዱበት መንገድም በአብዛኛው የእነዚህ ሰዎች የቆየ የእግር መንገድ ነው። መልካ የሚባለውን ነገር መጀመሪያ የሚያውቀው በእግሩ የገባበት ነውና። ወርቅ በወጣ በሁለት ዓመቱ፣ በ1850፣ አዲሱ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት «የኢንዲያኖች አስተዳደርና ጥበቃ» የሚል ሕግ አወጣ። ጥበቃ ያለው ርዕሱ ላይ ብቻ ነው። ሥራ ፈትቶ ተገኘ የተባለ ኢንዲያን ተይዞ ጉልበቱ በጨረታ ለነጭ አሠሪ ይሰጣል፤ ልጆቹም «በአሳዳሪነት» ስም ይወሰዳሉ። የወርቅ ጥድፊያው ሊጀምር ሲል 150,000 ገደማ የነበረው የካሊፎርኒያ ነባር ሕዝብ በ1870 ወደ 30,000 ወርዶ ነበር። ከፊሉ በበሽታ፣ ከፊሉ በረሃብ፣ ከፊሉ በጥይት።

በዚያው በ1850 ሌላም ኬላ ተተከለ፤ ይኼኛው ወንዝ እንኳ አያስፈልገውም። የውጭ አገር ሰው ሆኖ ወርቅ የሚቆፍር በወር 20 ዶላር ይክፈል ተባለ። ሶኖራን ያቀኗት ከሜክሲኮ የሶኖራ ግዛት የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ስሟም የእነሱ ነው፤ እነሱ «የውጭ አገር ሰው» ሆኑ። ብዙዎቹ ጥለው ሄዱ። በሚቀጥለው ዓመት ሕጉ ቢሻርም በ1852 በወር 3 ዶላር ተብሎ ተመለሰ፣ ኋላም 4 ሆነ፤ ሸክሙም በአብዛኛው ቻይናውያን ላይ ወደቀ። እንግዲህ በዚያ መንገድ የሚሄድ ቻይናዊ ለጀልባው ይከፍላል፣ ቀጥሎ ለቀረጥ ሰብሳቢው ይከፍላል፣ ከዚያ ነጮቹ ጨርሰናል ብለው የተዉትን ጠጠር ያጥባል። የሲራራ ነጋዴ ባሶ እስኪደርስ ስንት ኬላ እንደሚያልፍ በሠንጠረዥ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ይኼን ሳነብ ሠንጠረዡ ትዝ አለኝ።

ከሠንጠረዡ ጋር ደግሞ ካሴቱ።

የየጁቤ ካሴቶቼ አዲስ አበባ እህቴ ቤት በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነበሩ። አራት ናቸው። በሰው እጅ አስላክኋቸው፤ ማጫወቻውን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በ8 ዶላር ገዛሁ። ሦስቱ ሻግተዋል፤ ድምፃቸው እንደ ዝናብ ነው። አራተኛው ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ አያታቸው ዓባይ መልካ ላይ ሰው ያሻግሩ የነበሩ። በጽሑፌ ግርጌ ማስታወሻ ላይ እንኳ የሉም፤ ለምን እንደሌሉም ሳዳምጥ ገባኝ። የነገሩኝ ስለ ኬላ አይደለም። ዋናተኞቹ ጭነቱን በተነፋ ስልቻ ላይ እንዴት እንደሚያስሩት፣ በቅሎዋን ከየትኛው ወገን እንደሚይዟት፣ ውኃው ቀለሙን ሲለውጥ ከላይ ዝናብ መጣሉን እንዴት እንደሚያውቁ፣ ለአንድ ቀን ሥራ ስባሪ አሞሌ እንደሚሰጣቸው፣ አዞ ሲመጣ ማን ከፊት ማን ከኋላ እንደሚሆን። ኬላው ከእነሱ ላይ ምንም አልወሰደም፤ ምንም የላቸውማ። ወርቁ፣ ዝባዱ፣ ባሪያው ሁሉ ግን በእነሱ ክንድ ነው የተሻገረው። በ«ኤ» ያለፈው ጽሑፌ ዓባይን ያሻገረው ማን እንደሆነ ሳይናገር ነው 61 ገጽ የሄደው።

መምህሬ ኬላውን ፈልግ ያሉኝ ተሳስተው አይደለም። እኔ ኬላውን አገኘሁና እዚያው ቆምኩ።

የትምህርት ክፍሉ መምህራን ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ ካሴቱን ወደ ዲጂታል አስቀድቻለሁ፤ ለዳግም መገናኛው በዓል ስመጣ ለላይብረሪው ይዤ እመጣለሁ፤ ያሮጌው ጽሑፌ ቅጂ በመደርደሪያው ላይ ካለም አብሮት እንዲቀመጥ አንድ ተጨማሪ ገጽ ጽፌያለሁ። ወደዚያ አካባቢ የሚወርድ ተማሪ ካላችሁም የእኚያን ሰው ልጅ ልጆች ይፈልግልኝ። መንደሩን ጽፌዋለሁ። ስማቸውን ግን፣ ያሳፍረኛል፣ ደብተሬ ላይ «አንድ ሽማግሌ» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ሻኪሶ ባለፈው ክረምት ስትደውልልኝ ካሴቱን በስልክ አሰማኋት። ዝም ብላ ሰማች። ሽማግሌው ይናገራሉ፤ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል፤ ከቤት ውስጥ ሰው ያስላል። አንድ ክረምት ውኃ የወሰዳቸውን የአያታቸውን ጓዶች በስም መቁጠር ይጀምራሉ። አንዱን ይጠራሉ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይናገራሉ። ሁለተኛውን ይጠራሉ። ከዚያ የአንድ የ22 ዓመት ልጅ ድምፅ፣ ቀልጠፍ ያለ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ድምፅ ይገባል፦

«እሺ አባቴ፣ እሱን በኋላ እንመለስበታለን። ኬላው የማን ነበር?»

ቴፑ ላይ ትንሽ ዝምታ አለ። ከዚያ ሽማግሌው፣ በትሕትና፣ ኬላው የማን እንደነበር ነገሩኝ።